ሁሉንም "ሀሳብ" ያለው አስተርጓሚ

ሳሌሃ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ከእንሰት ቃጫ የተሠሩ ቦርሳዎች ትሸጣለች፤ ለወልቂጤ ነጋዴዎችም ትልካለች። ሰው ቶሎ አታምንም። ደንበኛ ፈገግ ሲልላት እንኳ "ምን ፈልጎ ነው?" ትላለች በሆዷ።

አንድ ቀን አብርሽ የሚባል ጎልማሳ፣ የጥያን ትክል ድንጋይ ለጎብኚ የሚያሳይ፣ አንዲት ፈረንጅ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ቦርሳዎቹን እያገላበጠች ብዙ ተናገረች። አብርሽ ግን፣ "እየገዛች አገሯ የመላክ ሀሳብ አላት" ብሎ ብቻ ተረጎመላት።

"መቼ?" አለች ሳሌሃ።

ፈረንጇ እንደገና ረዘም አድርጋ መለሰች።

"ሀሳብ አላት አልኩሽ እኮ፣ እትዬ ሳሌሃ። በይ፣ ለወልቂጤ ነጋዴዎች መላኩን ተዪና ሥራሽን ለእሷ አስቀምጪ።"

ሳሌሃ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ጆሮዋ ግን ንቁ ነው። ፈረንጇ አንዴ "አይዲያ"፣ አንዴ "ኖሽን"፣ አንዴ ደግሞ "ኢንቴንሽን" ስትል ሰምታለች። ይሄ ሁሉ እንዴት አንድ ቃል ይሆናል? ተመሳጥረው ከደንበኞቼ ሊነጥሉኝ ነው አለች። ቃላቱ እንዳይጠፏት በአፏ እያመላለሰች ወደ ጎረቤቷ፣ መሰለች ወደምትባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሄደች።

"አይዲያ ለብዙ ነገር ይሆናል" አለቻት መሰለች። "ኖሽን እንዲሁ በልብ ውል የሚል ነገር ነው፤ ገና መሠረት አልያዘም። ኢንቴንሽን ካለች ግን አስባበታለች፣ ልታደርገው ነው።"

"ታዲያ ለምን ሁሉንም ሀሳብ አለኝ?"

"ቸኩሎ ይሆናላ።"

ሳሌሃ አልተዋጠላትም። በማግስቱ ጠዋት ፈረንጇ ያረፈችበት ሆቴል ሄደች። አብርሽም እዚያው ነበር። እሱን አልፋ ሴትዮዋን፣ "ኖሽን? ኢንቴንሽን?" አለቻት።

ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። "ኖሽን" አለች፤ "ኦንሊ ኖሽን።"

ሳሌሃ የተነቃበት ሰው ፊት አያለሁ ብላ ወደ አብርሽ ዞረች። እሱ ግን አመድ መስሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"በእርግጥ ትገዛለች ብዬ ጥያ ላይ ሱቅ ተከራይቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ቦርሳሽን ላከማችበት። ስለ ድንጋዩ ከሆነ እንግሊዝኛ አላጣም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሁሉም ሀሳብ ነው የሚመስለኝ።"

ፈረንጇ ሄዳ ቀረች። ሳሌሃ ከወልቂጤ ደንበኞቿ አልተለየችም። አብርሽ ለባዶው ሱቁ ቦርሳ ሲለምናት ግን አዘነችለትና ሰጠችው። ቢሆንም በየሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ጥያ ትወርዳለች፤ የተሸጠውንም ያልተሸጠውንም በዓይኗ ሳታይ አትመለስም።