ከታች የመጣው የደም ሥር

ዘንድሮም ለፋሲካ ዱለት ልከትፍ ስቀመጥ ወንድሜ ደረጀ ከኋላዬ መጥቶ፣ «የኔን በደንብ አብስዪው፤ ሐኪሞች ለብለብ እንደከለከሉኝ ታውቂያለሽ» አለኝ። በየዓመቱ ይህችኑ ይላል። እኔም የበጉን ጉበት ገልብጬ ሥሩ በየት በኩል እንደሚገባ ሳላይ ቢላ አላነሳም። ልጆቹ ይስቁብኛል።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የደረጀ ዓይን እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ህንድ አገር ሄዶ የጉበት ንቅለ ተከላ ካልተደረገለት አይተርፍም ተባልን። ከቤታችን ደሙ የገጠመው የኔ ብቻ ነበር፤ ከጉበቴ ተቆርጦ ሊሰጠው። መገናኛ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። በማግስቱ ሐኪሙ ለአባቴ ደወለና፣ «ነገ እርስዎም አብረዋት ይምጡ» አለው።

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም፤ አስቀድሞ ትልቅ ሰው ይጠራል። አባቴም ይህንኑ አስቦ ምንም ሳይጠይቅ ስልኩን ዘጋ።

ነሐሴ ነበር። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ እንጦጦ ማርያምን ሊሳለም ሲወጣ ተከተልኩት። ከዝናቡ በኋላ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«አባዬ፣ ምን አሉህ?»

«ምንም። ነይ ብቻ።»

አባቴ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል፤ አከከ። ለራሴ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። የባሰ የፈራሁት ግን መስጠት አትችዪም ከተባልኩ ደረጀን በምን ዓይኔ እንደማየው ነበር።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን። «የብዙ ሰው ጉበት ደም የሚያገኘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከሚከፈል አንድ ሥር ነው። የእሷ የቀኙ ግን ለብቻው፣ አንጀትን ከሚመግበው ሥር ተነሥቶ ከታች ይመጣል።»

«ዶክተር፣ አይደብቁኝ» አለ አባቴ። «በሽታ ነው?»

«አፈጣጠር ነው እንጂ! ስንቱ ሰው እንዲህ ሆኖ ሳያውቀው ይኖራል። ጉድ የሚፈላው ሳይታወቅ ቢቆረጥ ነበር። እንዲያውም ረዘም ያለ ስለሆነ ከወንድሟ ሥር ጋር ለመቀጠል ይመቻል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?»

«ህንድ ይዘዋቸው የሚሄዱት እርስዎ አይደሉ? ይህ ሥዕልና የሲቲ ስካኑ ሲዲ እዚያ ላለው ሐኪም ሳይደርስ ከእጅዎ እንዳይለይ ልነግርዎ ነው።»

አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቀ። «ስንት በግ አርጄ አንድ ቀን ሥሩን ልብ ብዬ አላየሁም!» አለ። እኔም እፎይ አልኩ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስንም ነበርና መገናኛ ላይ የምስር ሳምቡሳ ገዝተን ቆመን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

አባቴ አሁን የለም። ደረጀ ግን ይኸው ከጎኔ ቆሞ ድስቱን ያማስላል፤ «ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ» እያለ። አንዳንዴ ንዝንዙ ያበሽቀኛል። ቢሆንም እተወዋለሁ፤ እንዲህ የሚጠነቀቅለት ለኔው ጉበት ነው።