በአባቴ ኪስ የነበረው ገብስ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ጎንደር

«ደባርቅ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»

ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ግን የተሳፈሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ተኝቷል። የጎንደር መናኸሪያ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ውሸት ነው የሚያሳፍረኝ፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አምናለሁ።

ጭኔ ላይ የያዝኩት ቦርሳ ከባድ ነው። በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ፣ የብረት ሜትር፣ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ፣ መጋዝ። በአንድ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ስለ ሚሊሜትር ስሰብክ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ዘይነባ ከደባርቅ ደወለችልኝ። የጋሼ ይማም ልጅ ናት። አባቴ እንየውና ጋሼ ይማም፣ አንዱ ከዳባት አንዱ ከደባርቅ እየተጠራሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው ቤት የሠሩ አናጢዎች ናቸው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ጋሼ ይማም በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም።

«የአባባ ቤት የጓሮው ምሰሶ ከሥሩ በስብሷል» አለችኝ። «ክረምቱን አይችለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ብሎኬት የጫነ መኪና ይመጣል፤ አፍርሼ ልሠራ ነው። እስኪያልቅ አባባ ጎንደር እህቴ ዘንድ ይቀመጣሉ። እሳቸው ግን ‹ከዚህ ቤት ከወጣሁ አልመለስም፤ የእንየው ልጅ መጥቶ ምሰሶውን ይለውጠው› ይላሉ። እስከ ቅዳሜ ከቻልክ ና። ካልቻልክም አልቀየምህም።»

ያንን ቤት የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ቆመው ካሉት ሥራዎቻቸው ውስጥ አንድ ሚስማር የሌለበት እሱ ብቻ ነው የቀረው። እንዴት አልሄድም?

2 ሰዓት ተኩል፤ አምባ ጊዮርጊስ

ጉም ነው። የአይሱዙዎቹ መብራት ብቻ ይታያል፤ ሌላው ድምፅ ነው። በመስኮት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁ፤ እጄን አቃጠለኝ፤ በላሁት።

እዚህ የተሳፈሩ አንዲት የእህል ነጋዴ ከጎኔ ተቀመጡ። ሻርፓቸውን ፈትተው የያዙትን የገብስ ናሙና አሳዩኝ። «እስቲ እየው፣ የወገራ ገብስ እንዲህ ነው!» ሽታው አባቴን ይዞት መጣ። የአባቴ ኮት ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ገብስ ነበር፤ ቆሎ አይደለም፣ ጥሬ ገብስ። እናቴ ኮቱን ባጠበች ቁጥር ገንዳው ሥር ፍሬ ይቀራል። «ምነው እንየው፣ ኪስህ ጎተራ ነው ወይ?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኛ ልጆቹ ለወፍ የሚበትነው ይመስለን ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅነውም።

4 ሰዓት፤ ዳባት

ጉሙ ገልጧል። እህቴ ብርቅነሽ በአባታችን ግቢ ነው የምትኖረው። ገና ከበሩ ሳልገባ «ከሳህ!» አለችኝ። ምሳ ሳልበላ እንደማልወጣ ማለች፤ በላሁ።

ከጓሮ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዶሮዎች የሚሰፍሩበት አንድ የጽድ ግንድ አለ። አባቴ በመጥረቢያ አራት ማዕዘን አድርጎ የጠረበው ነው። የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይታያል፤ በእጄ ስዳብሰው እኩል እኩል ነው። የዛሬ ተማሪዎቼ በማሽን እንኳ እንዲህ አያወጡትም።

«ማገዶ ላደርገው ስል ተቆጥቶኝ ነበር እኮ» አለች ብርቅነሽ። «‹የይማም ነው፣ አንድ ቀን ይፈለጋል፣ እንዳትነኪው› አለኝ። ይኸው ተፈለገ።»

የዕቃ ሣጥኑንም አወጣችልኝ። ሦስት መሮ፣ የወይራ መዶሻ፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ። ከሣጥኑ ግርጌ ነቀዝ የበላው ገብስ ተበትኗል። ብርቅነሽ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ግንዱን አስፋልት ድረስ በጋሪ አወጣነው። ሙሉቀን የሚባል የሚኒባስ ሾፌር ቆመና ግንዱን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ የቤት ዕቃ ነው ወይስ ቤቱ ራሱ?»

«ምሰሶ ነው።»

«እንግዲያው የሁለት ሰው ይከፍላሉ። እሱም ተሳፋሪ ነው።»

ከፈልኩ። ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ፣ አስረን ወጣን። ሙሉቀን እስከ ደባርቅ ድረስ ኩርባ በመጣ ቁጥር «ምሰሶው ተመችቶታል?» እያለ ሲቀልድብኝ ሄደ።

9 ሰዓት፤ ደባርቅ

የደባርቅ ንፋስ በበጋም ይቆነጥጣል። ዘንግ የያዙ ቱሪስቶች ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ከባድ መኪኖች ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ሊማሊሞን ሊወርዱ ፍሬን ያስፈትሻሉ። የጋሼ ይማም ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ዘይነባ ከፊት ለፊቱ ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች። ከደጁ ለአዲሱ ቤት መሠረት የሚሆን ጥርብ ድንጋይ ተከምሯል።

ጋሼ ይማም ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው እጄን ይዘው መዳፌን ዳበሱ።

«የእንየው ልጅ እጅህ ለስልሷል። ምን ትሠራበታለህ?»

«አስተምርበታለሁ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ። ማስተማርም ሥራ ነው» አሉ፤ ግን እየሳቁ ነው።

ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ከአይሱዙ ሾፌር ክሪክ ተውሰን ጣሪያውን የተሸከመውን አግዳሚ ትንሽ ከፍ አደረግን። የእነ አባቴ አሠራር እንዲህ ነው፦ በምሰሶው አናት ላይ ምላስ ይቀረጻል፤ አግዳሚው ሆድ ውስጥ ለምላሱ አፍ ይፈለፈላል። ምላሱ አፉ ውስጥ ይገባና በሁለቱም ውስጥ በሚያልፍ ቀዳዳ የወይራ ችንካር፣ የእንጨት ሚስማር ማለት ነው፣ ይመታበታል።

የድሮውን ችንካር መትቼ ሳወጣው መሐሉ ላይ እንደ ጉልበት ታጥፏል። አባቴ ጠማማ ችንካር መምታቱ ገረመኝ። ዕድሜ ያጣመመው ነው ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ፣ 6 ሰዓት፤ ደባርቅ

ጋሼ ይማም ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲሉ «እስክመለስ ምላሱን ብቻ ቅረጽ። ቀዳዳውን ቆይተኝ» አሉኝ።

አልቆየሁም። ሲመለሱ ምሰሶው ቆሞ እንዲያገኙት ፈለግኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲያመሰግኑኝ ነው የፈለግኩት። በሜትር ለካሁ፣ በስኳድራ አሰመርኩ፣ በመጋዝና በአባቴ መሮ ቀረጽኩ። ምላሱ አፉ ውስጥ ልክክ አለ። ምሰሶውን ከሥሩ ልኩን ቆርጬ የድሮው ምሰሶ በቆመበት ድንጋይ ላይ አቆምኩት። ከዚያ በአግዳሚው ቀዳዳ በኩል መሰርሰሪያዬን አስገብቼ ምላሱን በቀጥታ በሳሁት። አዲስ የወይራ ችንካር ጠርቤ መታሁ፤ ሰተት ብሎ ገባ። ክሪኩን ሳወጣ ቤቱ ቆሟል። ኮራሁ።

ጋሼ ይማም ተመለሱ። ምሰሶውን እየዳበሱ ወደ ላይ ሄዱ፤ የምሰሶው ትከሻ አግዳሚውን የሚነካበት ቦታ ሲደርሱ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አስገቡ። ጥፍሩ ገባ።

«ችንካሩ ሲገባ ጮኸ?»

«አልጮኸም ጋሼ፤ ሰተት አለ።»

«እሱን ነው የፈራሁት። ይሄ ቆሟል እንጂ አልተያያዘም። ንፋስ ባነቃነቀው ቁጥር እየላላ ይሄዳል። በዚህ ቤት ልጄን አላሳድርም።»

ዘይነባ ዓርብ መሆኑን አስታውሳ ቅቤ ያልነካው ሽሮ ለብቻ ሠርታልኝ ነበር፤ ለአባቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር።

«የድሮው ችንካር የታል?» አሉ ጋሼ ይማም።

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጥፋቱን በጣታቸው ሄዱበት።

«ይሄን ዕድሜ አላጣመመውም። እንየው ነው ያጣመመው። ዘይነባ፣ ገብስ አምጪልኝ።»

እሷ ከሱቋ እፍኝ ገብስ አመጣች። አንዲት ፍሬ መርጠው መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«የምላሱ ቀዳዳ ከአግዳሚው ቀዳዳ ጋር እኩል አይሆንም። የምትበሳበትን በአግዳሚው በኩል ምልክት ታደርጋለህ፤ ምላሱን ታወጣለህ፤ ከምልክቱ ወደ ትከሻው በገብስ ውፍረት ዝቅ ብለህ ትበሳለህ። ያኔ ችንካሩ ሲገባ መንገድ ፍለጋ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ምሰሶውን ወደ ላይ ይስበዋል። ከገብስ ካነሰ አይስብም፤ ከገብስ ከበለጠ ምላሱን ይሰነጥቀዋል። አባትህ ያለ ገብስ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም።»

መዳፌን እያየሁ ቆምኩ። ገንዳው፣ የእናቴ ሳቅ፣ የሣጥኑ ግርጌ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«ለምን አልነገረኝም?»

ጋሼ ይማም የድሮውን ችንካር መልሰው ሰጡኝ።

«አንተ ከትምህርት ቤት ሜትር ይዘህ የመጣህ ጊዜ በሰው ፊት ‹አባባ፣ ይሄ ያንተ ነገር ጊዜው አልፎበታል› ብለኸው ነበር። አልተቀየመህም፤ ኮርቶብሃል። ግን ‹ልጄ ተምሯል፤ ሳይጠይቀኝ ብነግረው ያፍርብኛል፤ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ› ይል ነበር።»

ብዬው ነበር። ቀኑን አስታውሳለሁ፤ ሜትሩንም አስታውሳለሁ፤ ቢጫ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ብዙ ጊዜም ዳባት ሄጃለሁ። አልጠየቅኩትም። ጋሼ ይማም እንደማያዩኝ እያወቅኩ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት፤ ደባርቅ

ችግሩ እንጨቱ ነው። የተበሳውን ምላስ ቆርጬ አዲስ ብቀርጽ ምሰሶው በአንድ ስንዝር ያጥራል። ከዚህ በላይ የምሳሳትበት እንጨት የለም። ለጎደለው ስንዝር ከሥር ምን እንደማደርግ ሳስብ ዘይነባ ከደጅ ድንጋይ እየገፋች መጣች። ለአዲሱ ቤት መሠረት ከተከመረው ነው።

«ይሄ አይሆንም?» አለች። «የድሮው ድንጋይ ዝቅ ብሎ እኮ ነው ጎርፉ ያበሰበሰው።»

ለካሁት። ከስንዝሩ ትንሽ ይበልጣል፤ የቀረውን መሬቱን ቆፍሬ አስተካከልኩ። ዘይነባን ቀና ብዬ ሳያት ወደ ሱቋ ሄደች።

አግዳሚውን በክሪኩ መልሰን ከፍ አድርገን ምሰሶውን አወጣነው፤ መሰርሰሪያዬን ግን ከቦርሳው አላወጣሁም። ምላሱን አዲስ ቀረጽኩ፣ አስገባሁ፣ ምልክት አደረግኩ፣ አወጣሁ። ገብሷን ከምልክቱ አጠገብ አስተኝቼ በመሮ ጫፍ ጫርኩ። በአባቴ የእጅ መሰርሰሪያ ቀስ ብዬ በሳሁ። ላቤ እንጨቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ምሰሶው በአዲሱ ድንጋይ ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ምት ስመታ ከደጅ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ብሎኬቱ መጥቷል።

«አትስማው» አሉ ጋሼ ይማም። «ምታ።»

ችንካሩ እስከ መሐሉ ገባና እምቢ አለ። ደግሜ መታሁ። ጮኸ፤ ደረቅ የሚያቃስት ድምፅ ነው። ሦስተኛው ላይ የምሰሶው ትከሻ ከአግዳሚው ጋር ሲጋጠም ዓይኔ እያየ ነው። ጋሼ ይማም ተነሥተው ጥፍራቸውን አመጡ። አልገባም። በሌላው ጎን ዞረው ሞከሩ። እዚያም አልገባም።

«እንየው መጣ» አሉ።

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዋ ሾፌሩ «እመቤት፣ የት ላራግፈው?» ይላል። አባቷን አየቻቸው፤ ግንባራቸውን ምሰሶው ላይ አስደግፈዋል።

«በአጥሩ በኩል» አለችው። «አጥር ነው የምሠራበት።»

እሑድ፣ 3 ሰዓት፤ ከደባርቅ ወደ ጎንደር

ዕጣዬ ነው፤ የሙሉቀን ሚኒባስ ደረሰኝ። ጋቢና አስቀመጠኝና ጣሪያውን አየ።

«ዛሬስ ምን ጫኑ ጋሼ?»

መዳፌን ዘረጋሁለት። በጣቶቹ አንሥቶ፣ አገላብጦ አያትና ወደ እኔ ዞረ።

«አንዲት ገብስ? ይቺ ደግሞ ለምንድን ናት?»

ጠየቀኝ። ከአባቴ ኮት ኪስ ጀምሬ ነገርኩት። ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን መቼ እንዳለፍን አላውቅም።