ግድግዳው ላይ የበቀለው ጤፍ

ግንበኛው ኮተቤ ያለውን የአባቴን ቤት በሲሚንቶ ሊለስነው፣ መጀመሪያ ግድግዳውን ውኃ ረጨው። የራሰ ጭድ ሽታ ቤቱን ሞላው። ወዲያው ልጅ ሆንኩ።

አባቴ እዚያው አቅራቢያ ካራ በሚባለው ቦታ ያርስ ነበር። ማሳው ለቤት መሥሪያ ሊወሰድ መሆኑን የሰማ ዓመት፣ የመጨረሻውን ጤፍ ወቅቶ ጭዱን በአህያ አስጭኖ አመጣና ከጭቃ ጋር አቡክቶ ይህን ቤት መረገበት። ጭቃውን የረገጥኩለት እኔ ነኝ፤ በጣቶቼ መሃል እየሾለከ ሲወጣ ይኮረኩረኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ፣ ገና እርጥብ የነበረው ግድግዳ አረንጓዴ ፀጉር አወጣ። ጭዱ ውስጥ የቀረው ጤፍ በቅሎ ነው። እናቴ አፍራ፣ "ሰው ሳያየን ልንቀለው" ብላ ስትነሣ አባቴ እጇን ያዘ።

"ተይው! መሬቱን ቢወስዱት እርሻው ራሱ ቤታችን መጣ" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ፍሬውን ትበያለሽ፣ በጭዱ ትጠለያለሽ። ከጤፍ የበለጠ ምን ዘመድ አለሽ?" አለኝ።

ለእኔ ዘመድ ማለት አክስቶቼ ነበሩና ነገሩ አልገባኝም። ግን "ቤታችን በቀለ!" እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

"ይቺን ጥግ አትለስናት" አልኩት ግንበኛውን።

"ምነው እትዬ? መልኩን ታበላሻለች እኮ።"

"እርሻችን ናት!" አልኩት፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።