የሙርዋይኳ ሞክሼዬ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ፋርማሲ ሄጄ ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ ስሜንና የልደት ቀኔን ጠየቀችኝ። «አልማዝ ተስፋዬ፤ ጃንዋሪ አንድ» አልኳት። «የአዲስ ዓመት ልጅ ነዎት!» ብላ ሳቀችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩና መድኃኒቴን ይዤ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን ሌላዋ አልማዝ ከሐሳቤ አልወጣችም።

ጃንዋሪ አንድ እውነተኛ ልደቴ አይደለም። ጥገኝነት ስጠይቅ ዓመቱን ነገርኳቸው፤ ቀኑን ግን በፍልሰታ ጾም መወለዴን ብቻ ነበር የማውቀው። ጸሐፊው ፍልሰታን የሚጽፍበት ቦታ አጣና ጃንዋሪ አንድ ብሎ ሞላው። እንደኔ የተሞላላቸው ብዙ ነበሩ። አምስተርዳም፣ ቢልመር የሚባለው ሰፈር ፎቆች ውስጥ የምንኖር ሐበሾች፣ ግማሾቻችን በአንድ ቀን ነው የምናረጀው እያልን እንስቅ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ገደማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ወጣና ስኪፖል አየር ማረፊያ በጽዳት ተቀጠርኩ። አለቃችን ድርጅቱ በእጅ እንደማይከፍል ነግሮኝ እስከ ወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንዳመጣ አዘዘኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ በማግስቱ ሜትሮው አጠገብ ወዳለው ባንክ ሄድኩ። ኖቬምበር ነበር፤ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን የሚመታበት ወር። ጫማዬ ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ ተራዬን ጠበቅሁ።

ወጣቱ ሠራተኛ ወረቀቴን ይዞ ወደ ውስጥ ገባና ሌላ ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

«ይቅርታ፣ ሒሳብ ልንከፍትልዎ አንችልም» አለኝ። «ባንኮች ስለ ደንበኞች የሚለዋወጡት መዝገብ አለ። እዚያ ላይ ስምዎ በመጥፎ ተነሥቷል።»

«እዚህ አገር ባንክ ስገባ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው» አልኩት በተሰባበረ ደችኛዬ።

«ዴንሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር» አለና የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር አነበበልኝ። «እዚህ አልኖሩም?»

«ኖሬ አላውቅም።»

«ስሙ የእርስዎ ነው። ልደቱም፣ ዓመቱ ሳይቀር፣ የእርስዎ ነው።»

እንደ ሌባ ቢያየኝ እቆጣ ነበር። እሱ ግን ያየኝ ቶሎ ማለቅ እንዳለበት ሥራ ነበር። ደጅ ወጥቼ አድራሻውን ሳልረሳው መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

አብረውኝ ከሚሠሩት ውስጥ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት ነበሩ። አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ከኛ የጠራ ነው። በምሳ ሰዓት ዳቧቸውን ከአይቡ ጋር እየቆረሱ ጉዳዬን ሰሙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ሴት አለች» አሉ። «ሄደሽ ፈልጊያት።»

«ባገኛትስ ምን እላታለሁ፣ እትዬ?»

«መጀመሪያ አግኚያት።»

ቅዳሜ በባቡር ዴንሃግ ሄድኩ። ሜዳው ሁሉ ውሃ አቁሯል፤ ላሞቹ ዝናቡ ውስጥ ፈዘው ቆመዋል። መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነበር። ከትራም ስወርድ ሙርዋይክ ማለት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ሆኖ አገኘሁት። የተባለው በር ደወል አጠገብ ስሜ በእስክሪብቶ ተጽፏል። የራሴን ስም በሰው ቤት በር ላይ ሳነብ ያዘጋጀሁት ስድብ ግማሹ ጠፋብኝ።

የከፈተችልኝ እኩያዬ የምትሆን፣ የወንድ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ሴት ነበረች።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«አልማዝ ተስፋዬን።»

«እኔ ነኝ።»

«እኔም ነኝ» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝና ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ፊቷ ላይ ምንም አልቀረም። «ግቢ፣ ብርድ ነው» አለችኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ነበር። በርበሬ የበዛበት መኮሮኒ በድስቱ አቀረበችና አብረን በላን። ባሏ ሶፋና ቴሌቪዥን በዱቤ ሲያወጣ፣ ባንክም ሲበደር፣ ሁሉንም በሷ ስም ነበር። አንድ ጠዋት መሸከም የሚችለውን ይዞ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ ሶፋውን ባለቤቶቹ መጥተው ወሰዱት።

«ፈርሚ ሲለኝ ፈረምኩ። የማላነበው ቋንቋ ነው። ግን ባሌ ነው» አለች።

የመጣሁበትን ነገርኳት። ስድብ የሚባል ነገር ከአፌ አልወጣም። «ሰኞ መጥቼ አብሬሽ እቆማለሁ» አለች፣ ገና ሳልለምናት።

ሰኞ በራሷ ቲኬት አምስተርዳም መጣች። ባንኩ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ቆመን መታወቂያችንን አስቀመጥን። ወጣቱ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እኛን አየ። አለቃው መጥታ እሷም እንደሱ አየች። አልማዝ ከኔ በባሰ ደችኛ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዕዳው የኔ ነው፤ እሷ ምንም የለባትም» አለች። ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠብቀው ቅጽ ሰጡኝ። እኔ ስፈርም እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አላናገራትም።

ባቡር ጣቢያው ድንች ጥብስ ገዛሁና ቆመን መብላት ጀመርን።

«አልማዝ» አለችኝ። «የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። የሒሳብ ቁጥር አምጪ ብለውኛል፤ በዚህ ዕዳ ደግሞ ለኔ የሚከፍትልኝ ባንክ የለም። ያንቺን ብሰጣቸውስ? ስማችን አንድ፣ ልደታችን አንድ፣ ማን ያውቃል? ደመወዝ ሲገባ ታወጪልኛለሽ።»

ከድንቹ አንዱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ያ ወጣት፣ ወረቀቱ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ።

«አልችልም» አልኳት። «ስሜ ገና ዛሬ መጽዳቱ ነው።»

የሷም ስም እሱ መሆኑ የታወቀኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«ገባኝ» አለች። ቅሬታ በድምጿ አልነበረም። ጣቷን በሶፍት ጠርጋ ለድንቹ አመሰገነችኝና ባቡሯ ውስጥ ገባች።

ደመወዜ ገባ። እትዬ ለተብርሃን ነገሩን ሲሰሙ «ደግ አደረግሽ፤ እሺ ብትያት ኖሮ ሁለታችሁም ትወድቁ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ጸደይ ሲገባ ሳልችል ቀርቼ ሙርዋይክ ተመለስኩ። ምን ልላት እንደሆነ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፏል። ጎረቤቷ ሮተርዳም የሄደች ይመስለኛል አለችኝ።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሮተርዳም ሠርግ ተጠርቼ ሳለሁ አንዲት ደልደል ያለች፣ የጆሮ ወርቅ ያደረገች ሴት ወደ ጠረጴዛችን መጣች። «ሞክሼዬ!» ብላ ሦስቴ ሳመችኝ። መጦሪያው ለጊዜው በእጅ ሊከፍላት ተስማምቶ ነበር፤ ዕዳዋን ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀባት፤ አሁን የወጥ ቤቱ ኃላፊ መሆኗን ነገረችኝ። ለጓደኞቿም «ባንድ ወቅት እኔና እሷ አንድ ባንክ ሙሉ ሰው ግራ አጋብተናል» ብላ አወራችላቸው፣ ሁሉም ሳቁ። ስለ ባቡር ጣቢያው ምንም አላለችም። አንድ ቃል ትለኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኋት። ብትወቅሰኝ ኖሮ ይቅርታ እጠይቃት ነበር፤ እሷ ግን ሥጋ ቆርጣ ሳህኔ ላይ ጨመረችልኝና ወደ ወንበሯ ሄደች።

አሁን ስልሳ ልሞላ ጥቂት ነው የቀረኝ። ልጆቼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ የሁለቱ አልማዞች ጨዋታ ያስቃቸዋል፤ የባቡር ጣቢያውን ክፍል ግን ነግሬያቸው አላውቅም። በዕድሜ ብዛት ልቤ የሰፋ እየመሰለኝ ደጋግሜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያኔ የሒሳብ ቁጥሬን ብሰጣት ኖሮስ? ዛሬ መጥታ ብትጠይቀኝስ? እውነቱን ለመናገር፣ አሁንም «አልችልም» የምላት ይመስለኛል። የሚያደክመኝ እሱ ነው።