ስለ ባሕር የተከራከርንበት ክፍል

ሊይዙኝ ሲመጡ ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ የአንድ ነጋዴ ቤት ግድግዳ እየቀባሁ ነበር። ሁለት ናቸው፤ ሲቪል ለብሰዋል። አንደኛው መሰላሉ ሥር ቆሞ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋና ቪዲዮ አሳየኝ።

"ይሄ አንተ ነህ?" አለኝ በሶማሊኛ።

እኔው ነበርኩ። ሼክ ኑር በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ሻሂ ቤት ተቀምጬ፣ ጣቴን እያወዛወዝኩ፣ ባሕር የሌላት ሀገር ባሕር ባለበት ሁሉ ጉዳይ አላት፣ ጥቅሟንም ድንበር ተሻግራ ታስጠብቃለች እያልኩ ለሀገሬ ልጆች ስሰብክ አንዱ ቀርጾኛል። ሌላው ደግሞ ወደ ሶማሊኛ ተርጉሞ ከሥሩ ጽፎበታል። ያን ሰሞን ሀርጌሳ ውስጥ ለኢትዮጵያ ሊሰጥ ነው ከተባለው ወደብና ባሕር ወሬ በቀር ወሬ አልነበረም። እኔ ደግሞ አፌን መሰብሰብ አልወድም።

"ጥሩ ወጥቻለሁ" አልኩት። አልሳቀም። ግድግዳውን ግማሽ ላይ ትቼ ወረድኩ።

የታሰርኩበት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ከራስ በላይ። ቀለም ቀቢ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ኖራ ተለቅልቆ የተተወ፣ ጀርባውን ያስደገፈበትን ሁሉ የሚያነጣ ግድግዳ። እሱን ተደግፈው አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ነጭ ሆኗል። ገና ሰላም ሳልላቸው በአማርኛ፣ ያውም በድሬዳዋ አማርኛ፣ "ባሕር ፈላጊው ሐበሻ አንተ ነህ አቦ?" አሉኝ። ቪዲዮውን እሳቸውም አይተውታል።

በወጣትነታቸው ከተማቸው በአውሮፕላን ስትደበደብ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረው፣ ድሬዳዋ ዓመታት ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። የታሰሩት ሰርግ ላይ ተነሥተው "ለማንም መሬት አንስጥ፣ በማንም ጠብ ውስጥ አንግባ" ስላሉ ነው። እንግዲህ እኔ እንግባ ብዬ፣ እሳቸው አንግባ ብለው አንድ ክፍል ተገናኘን። አዴር አልኳቸው፤ በነሱ ቋንቋ አጎቴ ማለት ነው።

ክርክሩን እኔ ነኝ የጀመርኩት። "ከራስ በላይ ነፋስ አዴር" አልኳቸው። "ሀገርም እንደ ሰው ናት። እህሏም መድኃኒቷም በሰው ወደብ የሚገባ ከሆነ፣ ያ ወደብ ሰላም ውሎ እንዲያድር መጠበቅ አለባት። ቤቴ ቁጭ ብያለሁ ብላ በረሃብ አትሞት።"

"ትጠብቅ። በገንዘቧ ትከራይ፣ ትገበያይ። ወታደር ስትልክ ግን ሌላውም ጥቅሜ ብሎ ይልካል፤ እሱን ያየ ሦስተኛው ይመጣል። ሁሉም ጥቅሙን ሲጠብቅ የኛ ልጅ የት ይቆማል?"

"እርስዎ ሲሸሹ የኔ ሀገር አያገባኝም ብላ ቢሆን ኖሮስ?"

ያዝኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። 

"በር መክፈት ሌላ ነው" አሉ። "በሰው በር መግባት ሌላ ነው።"

አልተሸነፍኩም። ነገ የምለውን ሳስብ ነው ያደርኩት። እውነቱን ልናገር፣ እስር ቤት ውስጥ በደንብ የሚከራከር ሰው ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበት ጊዜ ነበር፤ ሁለታችንም ጿሚ ነን። ለእስረኛ ምግብ የሚያመጣለት ቤተሰቡ ነው። እኔ ቤተሰብ የለኝም፤ የሀገሬ ልጆች ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ወደ ጣቢያ መቅረብ ይፈራሉ። በመጀመሪያው ቀን ማግሪብ ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ የአዴር ሚስት ሩዝ በግመል ሥጋ ላኩ። አዴር ትሪውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ከጫፉ ተምር ብቻ አነሣሁ። ለምን አላሉኝም፤ ድሬዳዋ የኖረ ሰው ያውቃል። በማግስቱ ከትሪው ጎን በዘይት የተሠራ ሩዝና ድንች በሌላ ሳህን መጣ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። አምሽቼ እበላለሁ፤ ግማሹን አስተርፌ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እጨርሳለሁ። እሳቸው ገና በጾም ላይ ናቸውና እፊታቸው ማላመጥ አፍሬ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ መርማሪው ጠራኝ። ወጣት ነው፣ ሥርዓት ያለው። ውሃ አቀረበልኝ።

"ጠጣ፤ አንተ ረመዳን የለብህም።"

"የራሴ ጾም አለብኝ" አልኩት።

ብርጭቆውን ወደ ጎን አደረገው። "ሽማግሌው ከጀርባቸው የውጭ መንግሥት አለ። አብረህ ስትኖር ነግረውሃል። ይህን ካሜራ ፊት ትናገርና ነገ በክብር ወደ ሀገርህ ትሻገራለህ። ካልተናገርክ ያንተ ነገር ይረዝማል። ማን ይጠይቅልሃል?"

እውነቱን ነው፤ እስከዚያ ቀን ከሀገሬ በኩል የጠየቀኝ አልነበረም። ፈራሁ።  አዴር ግን ስለ ውጭ መንግሥት ያወሩኝ ነገር ቢኖር እርግማን ብቻ ነው።

"አንድ ነገር ነግረውኛል" አልኩ።

ብዕሩን አነሣ።

"በሰው ሀገር ጉዳይ ጣልቃ አትግባ ብለውኛል። ስንከራከር ከርመን ነበር፤ ዛሬ ምክራቸውን ተቀብያለሁ።"

ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው። ሳይቆጣ ወደ ክፍሌ አስመለሰኝ።

"ምን ፈልገው ነው?" አሉኝ አዴር።

"ስለ ባሕር ነው።"

አዩኝ። ስማቸው ስንት ጊዜ እዚያ ቢሮ ውስጥ እንደሚነሣ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የተረፈው ሩዝ አጠገቤ ነው። አልነካሁትም። ቢርበኝም እሳቸውን ጠበቅኩ። አዛን ሲል አዴር ለራሳቸው ተምር አነሡ፣ ለኔም ሰጡኝ፤ እኩል ጎረስን።

በማግስቱ አዴር ምግብ ያመጡትን ሚስታቸውን በበሩ ቀዳዳ ረጅም ነገር ሲያወሯቸው ሰማሁ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሦስት ሽማግሌዎች ጺማቸውን ሂና ተቀብተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጣቢያው መጡ። እኔም ወደ ቢሮ ተጠራሁ። አዛዡ ወደኔ እያመለከተ "ይሄ የማን ነው?" አላቸው። እዚህ ሀገር ሰው የጎሳ ነው፤ እኔ የማንም አልነበርኩም።

"የኛ ማገን ነው" አሉ ታላቃቸው። ማገን ማለት አንድ ጎሳ ጥላ የሆነለት እንግዳ ነው፤ ቢያጠፋ እነሱ ይጠየቁበታል፣ ቢነካ እነሱ ይጠይቁለታል። "ከወንድማችን ትሪ በልቷል። ዋሱ እኛ ነን።"

ለቀቁኝ። ጫማዬን ልወስድ ወደ ክፍሉ ስመለስ አዴር ግድግዳውን እንደተደገፉ ነበሩ። ሽማግሌዎቹን ማን እንደላካቸው ገብቶኛል። ለማልቀስ ዳር ዳር ስል ቀልድ አመለጠኝ።

"አዴር፣ ጣልቃ ገቡ እኮ። ተሸነፉ።"

"የት ገባሁ?" አሉ። "እንግዳ የቤት ጉዳይ ነው አቦ።"

ያን ግማሽ ግድግዳ ሄጄ ጨረስኩት። ቀለሙ የቆመበት መስመር ዛሬም ለሚያውቅ ሰው ይታያል። አዴር ከኢድ በኋላ ተፈቱ፤ አሁን አርብ አርብ ሻሂ ቤት እንገናኛለን። ስልክ የያዘ ሁሉ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው ክርክራችንን የምንጀምረው። እሳቸው አልተለወጡም፤ እኔም አልተለወጥኩም። ሀገር ከድንበሯ ውጭ ያለ ጥቅሟን ትጠብቅ እላለሁ፤ ድሮ ያ ጥቅም ወደብና መርከብ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሼክ ኑር ሰፈር ካሉት ወረቀት የሌላቸው የሀገሬ ልጆች ነው የምጀምረው፣ ከራሴም።

"አንተንስ ማን ጠበቀህ?" ብለው የሚያፋጥጡኝ ከሻሂ ቤቱ ሰዎች መካከል አሉ። ያን ጊዜ ክርክሩን አቁሜ ለአዴር ሻሂ አዝዛለሁ።