የማይገለበጠው ምርቃት

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሞላሌ ከተማ፣ ገበያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ፎቶ አነሳለሁ፣ ሰርግ እቀርፃለሁ፣ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ብልሽት አያስደነግጠኝም ነበር። ያን ታኅሣሥ ግን አስደነገጠኝ።

የአክስቴ ባል በሞተ በሦስተኛው ወር ነው። ድምፁ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እኔ በቀረፅኩት የጎረቤት ሰርግ ላይ ቆሞ ሙሽሮቹን ሲመርቅ። ቪዲዮው ያለበት፣ በገመድ የሚሰካው የውጭ ዲስክ ደግሞ ከውስጡ ማንኳኳት ጀምሯል። ጨርሶ ሳይሞት ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ አለብኝ።

አክስቴ በአሥር ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ። «እኔ ሳልኖር እንዳትከፍችው» ብላ አስምላኛለች። ከሰዓት ከሰዓት የበግ ጠጉር ባናዋን ተከናንባ ትመጣለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ መዳፏን ዲስኩ ላይ ታሳርፋለች። ዲስኩ ሲሠራ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል።

«ይተነፍሳል እኮ» አለችኝ አንድ ቀን።

ግልባጩ አልቆ ከዋናው ጋር ሲመሳከር «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ደጋግሜ ገልብጬ ብከፍት፣ በአንዱ ግልባጭ የባሏ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በሌላው ሙሽሮቹ አሉ፣ እሱ በቆመበት አረንጓዴ ጭረት ብቻ። በሦስተኛው ድምፁ አለ፣ ፊቱ የለም። ዋናው ግን ደህና ነው። ገመድ ቀየርኩ። ራም የሚባለውን የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ነቅዬ፣ ጠራርጌ መለስኩ። ያው ነው።

«በሕይወቱም ሂድ ሲሉት የሚቆም ሰው ነበር» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ጠዋት ከዚያው ዲስክ የሌላ ደንበኛ ሥራ ስገለብጥ አንድም አይበላሽም። የሚበላሸው እሷ ስትኖር ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከሞተው ይልቅ አክስቴን ፈራኋት።

አንድ ቀን ባናዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ እጇን ወደ ዲስኩ ስትሰድ፣ ጣቷ ገና ሳይደርስ ጠቅ አለ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ። የዲስኩ መብራት ጠፍቶ በራ።

«እትዬ፣ እጅሽን አንሺ!»

«ምነው፣ ልሰርቅሽ ነው?»

«ባናሽ ነው! ጠጉሩ በዚህ ደረቅ ብርድ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በነካሽው ቁጥር እሱን ነው የምትለቂበት።»

እጇን ወደ ደረቷ አጠፈች።

«ሲቆነጥጠኝ ነው የከረመው» አለች ቀስ ብላ። «እሱ መስሎኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

ባናዋን አውልቃ ደጅ ምስማር ላይ ሰቀለችውና፣ ከዲስኩ ርቃ በሩ ሥር ተቀመጠች። ብርዱ ያንቀጠቅጣታል። ውጭ ነፋሱ ባናውን ሰው እንዳለበት ያወዛውዘዋል። ግልባጩ አለቀ። ተመሳከረ። አልተበላሸም።

በማግስቱ ምርቃቱን ስልኳ ላይ ጫንኩላት፤ በመጀመሪያው መኪና ዘመሮ ከተማ፣ የባሏ እናት ዘንድ ሄደች። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ከፈተችላቸው። እሱ በመረቀ ቁጥር ሁለቱም «አሜን» አሉ።