የሐጅ ረሺድ መሐላና የተድላ ሁዳዴ

ይኼን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ ሉጥፊያ ናት። ሉጥፊያ የወሎ ልጅ ናት፤ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ውሸት አትችልም። ሞክራ ታውቃለች፣ ፊቷ ያሳብቅባታል። ከእሷ በኋላ ከቢር የሚባል ጓደኛችንም ነግሮኛል፣ ራሱ ተድላም ነግሮኛል። ግን ተድላ ሲያወራ የበላውን ቀንሶ ነው፤ ከቢር ደግሞ ጨምሮ። ስለዚህ የሉጥፊያን ይዣለሁ። እኔ በቦታው አልነበርኩም፣ ጉልበቴን አሞኝ ሰፈራችን ካላክላ ቀረሁ። ብኖር ኖሮ ነገሩ እዚያ አይደርስም ነበር። አረብኛዬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን ፖሊስ በአረብኛ አስቄ የተያዘ መኪና አስለቅቄያለሁ። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ተድላ የአርማጭሆ ሰው ነው። በገዳሪፍ በኩል ሱዳን ገብቶ መጀመሪያ ሰሊጥ አጨደ፤ ከዚያ ካርቱም መጥቶ መኪና ሲያጥብ ኖረ፤ ኋላ የአምጃድ ሾፌር ሆነ። አምጃድ ያቺ ሰባት ሰው የምትጭን ትንሽዬ ታክሲ ናት፤ ተድላ ሲቀመጥባት ስድስት ትጭናለች። መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ግን ማስተማር ሌላ፣ መንዳት ሌላ።

የተድላ ነገር ሆዱ ነው። ሰካራም አይደለም፣ ሰው አያማም፣ ብር አይወድም። መብላት ነው የሚወደው። ብቻውን አይበላም ደግሞ። ጎረቤት ይጠራል፣ ተሳፋሪ ይጠራል፤ አንድ ጊዜ ሊቀጣው ያስቆመውን ትራፊክ ከፉል ሰሃን ላይ አስቀምጦት፣ ትራፊኩ ሥራውን ረስቶ ሽንኩርት ሲጨምር አይቻለሁ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ወዳጆቹን ጭኖ ጀበል አውሊያ ግድቡ ዳር ይወስዳል። ሳንቲም አይቀበልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እግዜር ክርስቲያኑን ሊፈትን ሲፈልግ ካርቱም ያመጣዋል። ዕረፍቱ ዓርብ፣ ጾሙም ዓርብ! ሱዳኑ ሁሉ በግ ሲጠብስ አንተ ፉል ይዘህ ቁጭ። ግድቡ ዳር ከቢርና ሉጥፊያ ትኩስ ዓሣ እየበሉ፣ ተድላ ነፋሱ ከመጥበሻው በሚመጣበት በኩል ይቀመጣል። «ማሽተት አያስገድፍም» ይላል። ይኼን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ከእኔ አይደለም።

ወለተማርያም የሚያበሽቃት ይኼ ነው። ወለተማርያም ካላክላ ልብስ ትሰፋለች፣ የሉጥፊያ የነፍስ ጓደኛ ናት፤ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም። ተድላ እሷን ሲወድ ስንት ዓመቱ! ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። እኔ ሄጄ እምቢ የተባልኩበት ቤት የለም፣ እሷም እምቢ አላለችም። ምን አለችኝ?

«ጋሼ፣ ሰውየው ደግ ነው። ግን ስድስት ዓመት ሁዳዴን ጀምሮ ስድስት ዓመት ገደፈ። ሆዱን ያልቻለ ትዳር ይችላል? ዘንድሮ አንድ ሁዳዴ ሙሉውን ይጹም። ለፋሲካ መልሴን ይስማ።»

እውነቷን ነው። አንዱን ዓመት በአይብ ገደፈ፣ አንዱን ዓመት ሠርግ ቤት፣ አንዱን ዓመት ደግሞ «በእንቅልፍ ልቤ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። የሚገርመው ማንም አይቶት አያውቅም። ራሱ ነው ሄዶ የሚነግራት።

ያ ዓመት፣ ጦርነቱ ሊነሳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ጉድ ነበር። ረመዳን ሁዳዴው መሐል ገባ። ካላክላ የሚበላ ሰው ጠፋ፣ የሚያወራም ጠፋ። ተድላ ግን ያዘ! ወላሂ ያዘ። አንድ ወር ሲሞላው ሱሪው በገመድ ታሰረ። እኔ ራሴ ሄጄ ሆዱን ነካሁት፣ ትንሽ ለስልሷል።

አርባኛው ቀን ዓርብ ዋለ።

«ዛሬም ትሄዳላችሁ? ምን ልትበሉ?» አልኳቸው።

«አየር፣ ጋሼ» አለ ከቢር። ከቢር የተድላ የልብ ጓደኛ ነው፣ እሱም የወሎ ልጅ፤ ማዮ ሰፈር ጎማ ይጠግናል።

አራቱ ሄዱ፤ ተድላ፣ ከቢር፣ ሉጥፊያና ወለተማርያም። ውሃ ዳር ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ለሁለቱ ክርስቲያኖች ጾሙ ይፈታል፤ ወለተማርያም ሽሮና የቲማቲም ፍትፍት በሳህን ቋጥራ መጥታለች። ግን አልከፈተችውም።

«እቴ ብሉ እንጂ፣ ወላሂ አይከፋኝም!» አለች ሉጥፊያ።

«አንቺ ውሃ ሳትቀምሺ እኔ ፊትሽ አላላምጥም። መግሪብ ሲሆን አብረን እንበላለን።»

ተድላ ሳህኑን እንደ ዘመድ አስከሬን ያየዋል። «ካልከፋቸው እኮ...» አለ።

«ይከፋቸዋል!» አለች ወለተማርያም። አለቀ።

እንግዲህ ከቤት ደርሰው ሊያፈጥሩ አስበው ተነሱ። መንገድ ላይ አምጃዷ ጋለች። ቆመው ውሃ አጠጧት። እንደገና ጋለች። (እኔ እንደዚህ ዓይነት ሞተር በምራቄ አቀዝቅዣለሁ፤ ይቅር አሁን።) አንዲት የመንገድ ዳር መንደር ጋ ሲደርሱ አዛን አለ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሎች ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይዘው አስፋልቱን እንደ ኬላ ዘግተውታል። የማያውቅ ሰው ሽፍታ ይመስለዋል። የረመዳን ወጉ ነው! መንገደኛ ሳያፈጥር አያልፍም። ምንጣፉ ዳር ላይ ተነጥፏል፣ ትሪው ተደርድሯል።

ተድላ መሪውን አጠማዞ ሊያመልጥ ሞከረ። ሐጅ ረሺድ የሚባሉ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን አምጃዷ ላይ ጭነው ፊቷ ቆሙ። «ኢትፈደሉ!» አሉ፤ ግቡ ማለታቸው ነው። መኪናዋም ግቡ ስትባል የጠበቀች ይመስል ጥፍት አለች።

ሴቶቹን የሐጅ ሚስት ፋሪሃ ወደ ግቢ ወሰደቻቸው። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ቀሩ።

ተድላ ተምር በላ። ውሃ ጠጣ። ባሊላ የሚሉት የተቀቀለ ሽንብራ አለ፤ እሱን ብቻውን ጨረሰው። መሐል ላይ ግን ዓሲዳው አለ። ዓሲዳ የኛ ገንፎ ነው፤ በላዩ ላይ የእርጎ ወጥ ፈሶበታል። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያንና የእስላም ቢላ ተብሎ ሰበብ ይገኝ ነበር። እርጎ ነው። እርጎ ሃይማኖት የለውም፣ ሁዳዴን ብቻ ነው የሚያፈርሰው።

ሐጅ ረሺድ አዩት። «ዓሲዳውን አልነካህም።»

«ጠገብኩ፣ ያ ሐጅ።»

«በሽንብራ? ይኼ ሰውነት በሽንብራ ነው የተሠራው?»

ምንጣፉ በሙሉ ሳቀ።

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ፀሐይ እኮ ገባች!»

«የገባችው የእናንተዋ ናት። የኛዋ ገና አሥራ አምስት ቀን ይቀራታል።»

ሐጅ ረሺድ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። «ላ ሐውለ! አሥራ አምስት ቀን ሳትበላ?»

«መብላትስ እበላለሁ። ሥጋ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ነው የማልበላው።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

ተድላ አሰበ። «እሱን ነው እኔም የምለው» አለ።

ከቢር ጎኑን ጎሸም አደረገው። «አቦ ቅመስላቸው! እሷ ግቢ ውስጥ ናት፣ አታይህም።»

«ስድስት ዓመትስ መቼ አየችኝ? አፌ እኮ ነው። ሲበላም ሲያወራም አይያዝም።»

ሐጅ ረሺድ ግን ከፋቸው። ሚስታቸው ከጠዋት ጀምራ የደከመችበት ዓሲዳ ነው። ሽንብራ ጨርሶ ዓሲዳ የሚተው እንግዳ ታይቶ አይታወቅም። እጃቸውን አነሱና፣

«ዓለይ ጠላቅ! ከዚህ ዓሲዳ ሳትቀምስ ከዚህ ምንጣፍ ከተነሳህ ሚስቴ ፈት ትሁን!» አሉ።

ይቺን መሐላ ቀላል አታድርጓት። ሱዳኑ እንግዳ ሲያስገድድ በሚስቱ ይምላል፤ እንግዳው ካልበላ ትዳር ፈረሰ ማለት ነው። በእኔ ሰባት ቦታ ተምሎብኛል። ሰባቱንም በልቼ ተነሥቻለሁ። በዚህ ሆድ የቆመ ጎጆ ብዙ ነው።

አንድ ጎረቤታቸው ግን ደነገጠ። «ሐጅ! ይቺ መሐላ ሦስተኛህ አይደለችም እንዴ?»

የሐጅ ረሺድ እጅ አየር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

አጥሩ አጭር ነው፣ ግቢ ውስጥ ሁሉም ተሰማ። ፋሪሃ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «አንዴ በዶሮ ፈታኝ» አለች፣ ሉጥፊያ ለወለተማርያም እያስተረጎመች። «እንግዳው ጥርሱን አሞት ነበር። አንዴ በሐብሐብ ፈታኝ። ሁለቱንም ጊዜ መለሰኝ። በሦስተኛው ግን መመለስ የለም። ኸላስ፣ በቃ። መደኒ ከተማ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። እዚያ ሩዝ ነው የሚበላ፣ እጄም ያርፋል።» እንዲህ እያለች ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። አፏ ይቀልዳል፣ እጇ ግን አንዱን ልብስ ሦስት ጊዜ ያጥፈዋል።

«ስንት ዓመት ኖሩ?» አለች ወለተማርያም።

«አርባ ሁለት።»

ወለተማርያም ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች። የወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ሴት አትገባም፤ እሷ ገባች።

«ተድላ! ብላ!»

ተድላ ቀና ብሎ አያት። «አልበላም።»

«ብላ እልሃለሁ!»

«አውቄብሻለሁ። እየፈተንሽኝ ነው።»

«ምን ፈተና ነው? የሰው ትዳር እኮ ነው!»

«የእኔስ ትዳር? ስድስት ዓመት ያልቻልኩትን ዘንድሮ ችያለሁ። አርባ ቀኔ ነው! አትንኪብኝ!» አለና ሁለት እጁን ከኋላው ቆለፈ። ይኼ ሁሉ ሰውዬ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሐጅ ረሺድ አሁን መቆጣታቸውን ትተው ተንበረከኩ። «ልጄ፣ በአላህ። አንዲት ጣት። ጣትህን ነክረህ ላሳት ብቻ።»

«ይቅርታ፣ ያ ሐጅ። እኔም አንዲት ነች ያለችኝ።»

ከቢር ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ ይላል፤ ሉጥፊያ ግን እየሳቀ ነበር ትላለች። ወለተማርያም ቁጭ አለች። እጇን ትሪው ውስጥ ሰደደች፣ ከዓሲዳው ዘገን አድርጋ እርጎው ውስጥ አጠቀሰችና አፉ ድረስ አመጣችው።

«እኔ ነኝ የማጎርስህ» አለች። «ኃጢአቱ በእኔ።»

በዚያ ሁሉ ዓመት አጉርሳው አታውቅም። ተድላ አፉን ከፈተ።

ከግቢ እልልታው ቀለጠ። ሐጅ ረሺድ ግንባሩን ሳሙት። ፋሪሃ የታጠፈውን ልብስ በትና፣ ሌላ ትኩስ እርጎ ይዛ መጣች።

አሁን ይኼ ነገር እዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት? አንዷ ትበቃ ነበር። መሐላው የሚለው ቅመስ ነው። ግን አርባ ቀን የታሰረ ሆድ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተራበ፣ የፋሪሃ እጅ ደግሞ እጅ ነው። የተድላ ቀኝ እጅ እሱን ሳያስፈቅድ ወደ ትሪው ሄደ። ተመለሰ። ሄደ። ከቢር ይቆጥራል። ሠላሳ አንድ ላይ ትሪው ታየ፤ አበባ የተሣለበት ትሪ ነበር አሉ።

ወለተማርያም ቆማ ታየዋለች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም።

አምጃዷ በርዳ ተነሳችና ወደ ካላክላ ተመለሱ። ብዙ ሄደው ተድላ፣ «መሐላው ግን ስንት ጉርሻ ነበር የሚለው?» አለ። ሉጥፊያ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ነፍስ አባታችን ሄዱ። ንስሐ ላይ ሦስተኛ ሰው አይገባም፤ እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ፣ ተጠርቼ ነው። ማለት ባልጠራም እገባ ነበር። ተድላ ሁሉንም ተናገረ። ጉርሻው ሃያ አካባቢ ነው ሲል ወለተማርያም «ሠላሳ አንድ» አለች።

ቄሱ ጺማቸውን ያዙ። «የመጀመሪያዋ ጉርሻ የሰው ጎጆ አቁማለች። እሷ ይቅር ተብላለች። የቀሩት ሠላሳዎቹስ ምን አቆሙ?»

«እኔን፣ አባቴ» አለ ተድላ።

ሳልኩ። ሳቅ ሲመጣብኝ እስላለሁ።

«በየጉርሻው አርባ ስግደት» አሉ ቄሱ። «ከትንሣኤ በኋላ አይሰገድም፣ ሳይደርስ ጨርስ።»

ሺህ ሁለት መቶ ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲወጣ የቀረው አሥር ቀን። ተድላ ሆዱን አየ፣ መሬቱን አየ። ሁለቱ ሲገናኙ ታየው መሰለኝ።

«ግማሹ የእኔ ነው» አለች ወለተማርያም። «ያስጀመረችው የእኔ እጅ ናት።»

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ቅጣት የሚካፈሉት ባልና ሚስት ናቸው።»

«ታዲያ ማን አይደሉም አለ?» አለች።

ተድላ አልገባውም። ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ። እዚያው ፊታቸው ጆሮው ላይ ጮህኩለት።

በማግስቱ ጀመሩ። ስድሳ በቀን እሱ፣ ስድሳ በቀን እሷ። እሷ ጨርሳ ልብስ ትሰፋለች፣ እሱ ገና አሥራ ምናምን ላይ አቧራ ተቀብቶ ያቃስታል። ስቅለት ዓርብ ማታ የመጨረሻዋን ሰግዶ መነሳት አቃተው፤ እኔና ከቢር በሁለት ብብቱ ገብተን አነሳነው። ስድስት መቶ እሱ፣ ስድስት መቶ እሷ። አንድም ሳይጎድል ተከፈለ።